ሦስት ሊትር ብቻ የምትበላዋ መኪና

በዚያን ቀን የነበርነው እነዚህ ነን። እኔ አለሁ፤ ቆጮ በረንዳ ቆጮ የምሸጥ፣ ከአራተኛ ክፍል በላይ ያልዘለቅሁ፣ ሰማዩ ጠርቶ እንኳ ጃንጥላ ይዤ የምወጣ ሴት። ልጄ ስንዱ አለች፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ወዲህ እንቅልፍ የነሳችኝ። ታናሽ ወንድሜ ደምሴ አለ፤ በሕይወቱ መኪና ኖሮት አያውቅም፣ ስለ መኪና የማያውቀው ነገር ግን የለም። ደላላው ከድር አለ፤ ሲምል እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል፣ ሲዋሽም እዚያው ላይ ያደርጋል። ሐጂ ሙዘይን አሉ፤ የአንደኛዋ ፒክአፕ ባለቤት። ተካ አለ፤ የሁለተኛዋ ፒክአፕ ባለቤት፣ መጋረጃ ነጋዴ። ኋላ ላይ አንድ ትራፊክ ፖሊስ ተጨምሯል። ቆጮም ነበር፤ ከሰው ጋር የቆጠርኩት በዚያን ቀን ከሁላችንም በላይ የተናገረው የሱ ጠረን ስለሆነ ነው።

ነገሩን ያመጣው ዕቁብ ነው። ዕጣው ወጣልኝ። ሌላው ሰው ዕቁብ ሲወጣለት እልል ይላል፤ እኔ «ስንዱ እንዳትሰማ» አልኩ። ስንዱ ዕጣው የወጣ ቀን አሮጌ ፒክአፕ እንገዛለን ብላ አስምላኝ ነበርና። እስከዚያ ድረስ ቆጯችንን ከጉራጌ አገር ከእንድብር የሚያመጣልን የሰው መኪና ነበር። ባለመኪናው ደስ ሲለው ይመጣል፤ ደስ ካላለው መንገድ ላይ ወሊሶ ያድራል። ቆጮ ታጋሽ ምግብ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ ከርሞ እንኳ አይከፋውም። ፀሐይ ላይ ከቆመ ግን እንደኔው ቶሎ ይቆጣል።

«እማ፣ እኔ እነዳለሁ። ሄጄ እጭናለሁ፣ መጥቼ አራግፋለሁ። ማንንም አንለምንም» አለች ስንዱ።

ልጄ መንዳት ትችላለች። ሰው ዘንድ ተቀጥራ የታሸገ ውሃ ስታከፋፍል ከርማለች። ግን ያ ከተማ ውስጥ ነው፤ መኪናው ቢቆምባት እንኳ ብትጮህ የሚሰማት አለ ብዬ ራሴን አጽናና ነበር። የእንድብር መንገድ ሌላ ነው። አሮጌ መኪና፣ ብቻዋን ያለች ሴት ልጅ፣ የቆመ ሞተር፣ የሚመሽ ሰማይ። ይህን ሳስብ ገበያተኛ ፊቴ ቆሞ «ስንት ነው?» ሲለኝ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብዬ የመለስኩበት ቀን አለ።

ስለዚህ ወሰንኩ። መኪናው ይገዛ፤ ግን ሞተሩ የማይቆም ይሁን፣ ናፍጣም የማይጨርስ ይሁን። ሞተሩ ካልቆመና ናፍጣው ካላለቀ ልጄ ቤቷ ትገባለች። ስሌቴ ይኼው ነበር። እስካሁን ድረስ ስሌቱ ላይ ስህተት አይታየኝም፤ ስህተቱ የመጣው ቁጥሩ ላይ ነው።

ደምሴ ይህን ሲሰማ ሱቄ ድረስ መጥቶ፣ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጦ አስተማረኝ።

«እህቴ፣ የዛሬ መኪና ኮምፒውተር ነው። ስትታመም ሐኪሟ ላፕቶፕ ይዞ ነው የሚመጣው። የድሮዋ ግን በመዶሻም ትድናለች።»

«በመዶሻ የሚድን ነገር ለልጄ አልገዛም።»

«ኧረ አባባል ነው!»

«አባባልም ቢሆን።»

ከዚያ ከድር መጣ። ደላላ የዕቁብ ዜና የሚሰማው በጆሮው አይመስለኝም፤ በአፍንጫው ነው። «እትዬ፣ ሁለት ሙሽሮች አሉኝ» አለ ገና ሳይቀመጥ።

እኔም እንደ ሙሽራ ጠየቅሁ፤ ሌላ የምጠይቅበት መንገድ አላውቅም። የማን ናት? ከማን እጅ ከማን እጅ ገባች? ታማ ታውቃለች? ብዙ ትበላለች? ዘይትስ ትጠጣለች? ጠዋት ስትቀሰቅሷት ትነሳለች ወይስ ታለቃቅሳለች?

«ሁለቱም ሞተራቸው ያልተነካ ነው፤ ተከፍቶ አያውቅም» አለ ከድር፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

«በዚህ ዕድሜያቸው?»

«በዚህ ዕድሜያቸው።»

«ገዳም ነበሩ እንዴ?»

ከድር ሳቀና ወደ ቁም ነገሩ ገባ። «የሐጂ ፋይቭ ኤል ናት። የተካ ስሪ ኤል ናት። ምርጫው የእርስዎ ነው።»

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እኔ አራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ብሆንም ፊደልም ቁጥርም አውቃለሁ፤ የእንግሊዝኛውንም ቢሆን ገበያው አስተምሮኛል። የምግብ ዘይት የገዛ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ትንሿ ጀሪካን ላይ ሦስት ቁጥርና ኤል ተጽፎባታል፤ ትልቋ ላይ አምስት ቁጥርና ኤል። ትንሿ ሦስት ሊትር ናት፣ ትልቋ አምስት ሊትር። ስንዱ የምታከፋፍለው ውሃ ላይም ኤል አለ፤ እሱም ሊትር ነው። እኔ ኤልን የማውቀው በኩሽናዬ ነው። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ አንዲት መኪና ስሪ ኤል ናት፣ ሌላዋ ፋይቭ ኤል ናት ሲሉኝ ምን ልረዳ?

«ስሪ ያልከው ሦስት ነው አይደል?» አልኩት።

«ሦስት ነው እትዬ።»

«ያቺኛዋ አምስት?»

«አምስት።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ወላሂ! ሞተሩ ላይ ተጽፏል፤ መጥተው ይዩ።»

ከድር በሕይወቱ አንድ ቀን እውነት ተናገረ፤ ያን ቀን ተሳሳትኩ።

ሦስት ሊትር ለምን ያህል መንገድ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ለእንድብር ደርሶ መልስ ነው ብዬ ነበር የያዝኩት። እገሌ ምሳ በላ ሲባል ለስንት ኪሎ ሜትር ይበቃዋል ተብሎ ይጠየቃል እንዴ? ደግሞ ነጋዴ ደስታውን ፊቱ ላይ አያወጣም። ዋጋ እንዳይሰቅሉብኝ ፊቴን አጨፍግጌ ዝም አልኩ። ያ ዝምታዬ ነው ለዚህ ሁሉ ያበቃኝ፤ አፌን ከፍቼ ብለፈልፍ ኖሮ አንዱ ያርመኝ ነበር።

ዝም ብዬም ግን አላስቻለኝም። «ቱ ኤል የሚባልስ የለም?» አልኩት እንደ ዋዛ።

«አለ። ግን አርጅቷል፤ ለጭነት አቅም የለውም።»

«ዋን ኤልስ?»

ከድር አየኝ። ከደላላ አፍ የማይወጣ አንድ ቃል ቢኖር «የለም» የሚለው ነው። «ይፈለጋል» አለ።

በማግስቱ መርካቶ ሰባተኛ የሚባለው ሰፈር ያለ ደላላ ሁሉ ዋን ኤል ሲፈልግ አረፈደ። አንዱ «ነበረኝ፣ ትናንት ሸጥኩት» አለ። ሌላው «አለች፣ ድሬዳዋ ናት ያለችው፤ ቀብድ ካስያዛችሁ በሳምንት ትገባለች» አለ። ሦስተኛው ቆጮ በረንዳ ድረስ መጥቶ «ዋን ኤል የምትፈልገው ሴትዮ አንቺ ነሽ? ባለ ሁለት በር ነው ባለ አራት በር?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔማ በልቤ፣ አንድ ሊትር ብቻ የምትበላ መኪናማ ማን ይሸጣል፤ ያገኘ ሰው ደብቆ ነው የሚይዛት አልኩ።

ማታ ቤት ውስጥ ከስንዱ ጋር ተጣላን። እሷ የሐጂን ነው የፈለገችው።

«እማ፣ ለጭነት ፋይቭ ኤል ይሻላል። ጉልበት አላት፤ ዳገት ላይ አትታገልም።»

«ትበላለቻ!»

«ልዩነቱ ትንሽ ነው።»

«ልዩነቱ ሁለት ነው!»

«ሁለት ምን?»

«ተይኝ እስቲ። ሳትቸገሪ ስላደግሽ ሁለት ምን እንደሆነ አታውቂም።»

እየሳቀችም እየተናደደችም ነው ያስረዳችኝ። «ስሚኝ፤ ትንሽ ሞተር ሸክም ሲበዛበት ይጨነቃል። ሲጨነቅ አብዝቶ ይበላል። ትልቁ ያንኑ ጭነት ቀለል አድርጎ ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ እኩል ይመጣሉ።»

ይህ ነገር ገባኝ። ምነው ባልገባኝ። እኛ በረንዳ ቆጮ ከሚያወርዱት ተሸካሚዎች መሃል በጣም ትንሹ ነው ምሳ ላይ ለማንም የማያተርፈው። ግዙፉ ግን ሁለት እስር በትከሻው ይዞ እያፏጨ ይሄዳል፣ ከዚያ ሻዩን ብቻ ይጠጣል። ስለዚህ ጥርጣሬ ገባኝ፤ ጥርጣሬ የገባት እናት ደግሞ ካላጣራች አትተኛም።

«እንሞክራቸው» አልኩ በማግስቱ። «እኔ ቆጮ እንኳ ሳልቀምስ አልገዛም። ለሁለቱም እኩል ናፍጣ፣ እኩል ጭነት፣ እኩል መንገድ።»

ከድር ፊቱ ጠቆረ። «እትዬ፣ መኪና እኮ ቅቤ አይደለም።»

ሐጂ ሙዘይን ግን ጢማቸውን ዳበስ አድርገው «ፍትሕ ናት» አሉ። ተካም እልህ ገባውና «የኔዋ ታስቀራቸዋለች» አለ። ደምሴ ወዲያው የፈተናው ኃላፊ ሆነ፤ ማንም አልሾመውም።

ጠዋት ሰባተኛ አካባቢ ተሰበሰብን። ደምሴ ጮክ ብሎ «ኮፈኑን ክፈቱ!» አለ። እኔ ከፈን የሚል ነው የሰማሁት፤ የሬሳ ጨርቅ። ክው አልኩ። «ማን ሞተ?» ብዬ በእጄ የያዝኩትን ጃንጥላ ጣልኩት። የሞተሩ ክዳን ኮፈን እንደሚባል ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ፈተና በዚህ ሲጀመር ማቆም ነበረብኝ፤ ገዴን ማድመጥ ነበረብኝ።

ነገሩ እንዲህ ተደረገ። ከታንከራቸው ሳይሆን ከኔ ጀሪካን እንዲጠጡ፣ ደምሴ ቱቦዎቹን ነቅሎ በየሞተሩ አጠገብ ባሰረው የምግብ ዘይት ጀሪካን ውስጥ ከተታቸው። ናፍጣውን በራሴ ጣሳ፣ በራሴ እጅ ለየአንዳንዳቸው አንድ ሊትር ለካሁ። እኩል። በየመኪናው ላይ እኩል የቆጮ እስር ተጫነ። መንገዱ ከሰባተኛ ተነስቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይን አልፎ፣ ዞሮ መመለስ ነው። ስንዱ የሐጂን ፋይቭ ኤል ያዘች፤ ሐጂ ከጎኗ ተቀመጡ። ተካ የራሱን ስሪ ኤል ያዘ፤ እኔ ከጎኑ ጋቢና ገባሁ፣ ከድር በኔና በበሩ መሃል ተወሸቀ፣ ደምሴ ከኋላ ቆጮው ላይ ወጣ። ከተካ ጋር የሄድኩት ባለ ሦስት ሊትሯን ለመጠበቅ ነው።

እንግዲህ ናፍጣ እንሞክር ብለን የመረጥነው ቀን የገበያ ቀን፣ የመረጥነው ሰዓት መርካቶ ጭነት የምታወርድበት ሰዓት ነው። ሁለት ሱቅ አልፈን ቆምን። አንድ ሱቅ አልፈን ቆምን። ጋሪ የሚገፋ ሰው አለፈን። አንዲት ዱላ የያዙ አሮጊት አለፉን። እኚያው አሮጊት ሸምተው ተመለሱ።

ቆጮው ደግሞ ሥራውን ጀመረ። ፀሐይዋ ስታገኘው ጠረኑ በኋላ መስኮት ገባ። ተካ አፍንጫውን ሰበሰበ።

«ማዘር፣ ይሄ ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ሁልጊዜማ አይደለም። ክረምት ላይ ይብሳል።»

መስኮቱን ዘጋ፤ ኤሲውን ከፈተ፤ ሽቶ ረጨ። ሽቶውና ቆጮው ተጣሉና ቆጮው አሸነፈ። ተካ እልሁን ሙዚቃ ላይ ተወጣው። ደግሞ በቆመ ቁጥር በእግሩ ነዳጁን ይረግጣል፤ ዕ፣ ዕ፣ ዕዕዕ ያደርጋታል።

«ልጄ፣ ቆመን ሳለ ለምን ትረግጣታለህ?»

«እንዳትተኛ ነው ማዘር።»

ከፊታችን የስንዱ መኪና አለች። ታዲያ አንድ ነገር አየሁ። መንገዱ ሲዘጋ ጭሷ ይጠፋል፤ ሲከፈት ይመለሳል። ሐጂ ሲቆሙ ያስጠፏታል ማለት ነው። ጥፍት፣ ቅስቅስ፤ ጥፍት፣ ቅስቅስ። ያኔ ነው አንድ ነገር የገባኝ። እኛ እያነጻጸርን ያለነው ሞተር አይደለም፤ ጠባይ ነው።

«ሐጂ እያጭበረበሩ ነው!» አለ ከድር።

«ማጥፋት ማጭበርበር ነው?» አልኩት።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ቁጠባ ነዋ!»

እንዲህ እየተከራከርን ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ወጣን፤ ልክ መሃሉ ላይ ስንደርስ መኪናችን ሳል ጀመራት። ሁለቴ ሳለች። ትከሻዋን ነቀነቀች። ከዚያ ዝም አለች። ኤሲው ዝም አለ፤ ሽቶው ጠፋ፤ ቆጮው ብቻ ቀረ።

«አለቀ» አለ ደምሴ ከላይ ሆኖ።

ናፍጣ አለቀ ማለት ጨመር አድርጎ መሄድ ይመስለኝ ነበር። ለካ ናፍጣ ሞተር ባዶውን ከጠባ አየር ይይዛል፤ አየር የያዘ ሞተር ደግሞ የፈለግኸውን ናፍጣ ብታጠጣው እሺ አይልም። እንደ ሕፃን ነው፤ ባዶ ጡጦ ጠብቶ ሆዱን ነፋው ማለት ነው። ተካ ቁልፉን አዞረ፤ ዥ ዥ ዥ ብቻ። ደግሞ አዞረ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ መካኒኩ ጋ ደወለ። መካኒኩ «መጣሁ» አለ። በዚያ መንገድ «መጣሁ» ማለት ለልጅ ልጆችህ ንገርልኝ ማለት ነው።

ከኋላችን ክላክሱ ተጀመረ። ድልድዩ ሙሉ ታክሲ፣ ታክሲው ሙሉ ሰው፣ ሰው ሁሉ ባለአፍ።

«ምን ሆናችሁ ነው? ድልድዩን ገዛችሁት እንዴ?»

«ኧረ ምንድን ነው የሚሸተው? ሞተሩ ነው የሞተው ሰው ነው?»

«ቆጮ ነው! ክትፎውንስ የት አደረጋችሁት?»

ትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካውን እየነፋ መጣ። «ማነው እዚህ ያቆመው?» አለ።

ተካ ከድርን አየ። ከድር ሰማይን አየ። እኔ ወረድኩ። «እኔ ነኝ።»

«እናቴ፣ እርስዎ ይነዳሉ?»

«አልነዳም። ናፍጣውን የለካሁት ግን እኔ ነኝ።»

«የለካሁት ማለት?»

ደከመኝ። ፀሐዩ፣ ጩኸቱ፣ የዚያ ሁሉ ሰው ዓይን። ለዋጋ ብዬ የደበቅሁትን ሁሉ ዘረገፍኩት። «ሦስት ሊትር ብቻ ነው የምትበላው ብለውኝ ነዋ! አስሬ ጠይቄው፣ ሦስት ነው ብሎ ምሎልኝ! እንድብር ደርሶ መልስ የምትሄደዋ ድልድይ እንኳ ሳትሻገር ጨረሰችው!»

«ማነው ሦስት ሊትር ያለዎት?» አለ ከድር ደንግጦ።

«አንተ! ስሪ ኤል አላልከኝም?»

  ደምሴ ከቆጮው ላይ ወርዶ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ፣ ለለቅሶ ቤት በሚሆን ድምፅ «እህቴ፣ ኤል የሞተሩ ስም ነው። ሊትር አይደለም» አለኝ።

«ታዲያ ስንት ነው?»

«ሞተሩ በልኩ ስሪ ኤል ሁለት ነጥብ ስምንት ነው። ፋይቭ ኤል ሦስት ነው።»

«ሦስት የተባለው ሦስት ሳይሞላ፣ አምስት የተባለው ሦስት የሚሆነው እንዴት ነው?»

«እትዬ፣ መርካቶ አይደለም እንዴ?» አለ ከድር። «እዚህ ስሙን የሞላ ምን አይተው ያውቃሉ?»

«ዋን ኤል ስትፈልግልኝ የሰነበትከውስ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ደንበኛ ጠየቀኝ፣ ፈለግሁ!»

መጀመሪያ የሳቀው ትራፊኩ ነው። ቅጣት ሊጽፍ ያወጣውን እስክሪብቶ አፉ ላይ አድርጎ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከዚያ የቅርቡ ታክሲ ረዳት ሰማ፤ «እንድብር ደርሶ መልስ በሦስት ሊትር! የሞላ ግባ!» ብሎ ጮኸ። ሳቁ ከመኪና ወደ መኪና ወደ ኋላ ሄደ። በዚያን ዕለት በዚያ ድልድይ ላይ የተንቀሳቀሰ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው። እኔ የድልድዩ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩና ጃንጥላዬን ዘረጋሁ። ለፀሐይ አይደለም፤ ለፊቴ ነው።

ጃንጥላው ሥር ሆኜ ግን ሌላ ነገር ነበር የማስበው። ይኸው መኪና ቆመ አልኩ። ስፈራው የነበረው ይኸው ነው። እዚህ ሺህ ሰው መሃል ቆሞ እንዲህ ካደረገን፣ ከወሊሶ ወዲያ ማዶ ቢሆንስ? ሞተር የሚባለው ሁሉ አንድ ቀን ይቆማል። ሦስትም በለው አምስት፣ ይቆማል።

ዓይኔን ሳነሳ ስንዱ በመኪናዎቹ መሃል እየተሹለከለከች ስትመጣ አየኋት። የሷ መኪና ድልድዩን አልፋ ጥግ ይዛለች። በአንድ እጇ የራሷን ጀሪካን ይዛለች፤ ግማሹ እንኳ አልተነካም። በሌላ እጇ የሐጂ መፍቻዎች የተጠቀለሉበት ጨርቅ አለ። ሁለቱንም መሬት አስቀምጣ ቢጫ ሻሿን አጥብቃ አሰረች። እኔን አላየችኝም፤ ወይም እንዳላየች ሆነች።

«ጋሽ ተካ፣ ገብተህ ተቀመጥ። ቀስቅስ ስልህ ትቀሰቅሳለህ» አለች።

«መካኒክ እየመጣ ነው እኮ።»

«ይምጣ። መንገድ ላይ ሰላም ትለዋለህ።»

ከናፍጣዋ ቀንሳ ወደ ባዶው ጀሪካናችን ገለበጠች። ከዚያ ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብላ አንዲት ትንሽ ቡሎን ላላ አደረገች፤ በመዳፏ አንድ ነገር ትጫን ጀመር፤ ጫን፣ ለቀቅ፣ ጫን፣ ለቀቅ። መጀመሪያ የያዘው አየር በአረፋ ወጣ። አረፋው እስኪጠራ አልቸኮለችም። ከጀርባዋ ያ ሁሉ ክላክስ፣ ያ ሁሉ ስድብ፤ አንዱ ወጠምሻ «ሲስተር፣ ሊጥ እያቦካሽ ነው?» ሲላት «አዎ፣ ሲጋገር ናና ብላ» አለችው፣ ቀና እንኳ ሳትል። ጥርት ያለ ናፍጣ ሲወጣ ቡሎኗን አጠበቀች። «ቀስቅስ!» አለች።

ዥ ዥ ዥ፣ ከዚያ ተነሳች። ጥቁር ጭስ ትራፊኩ ላይ ተፋች። ድልድዩ አጨበጨበ። ትራፊኩ ፊቱን እየጠረገ «ሂዱልኝ፣ ብቻ ሂዱልኝ» አለ።

ስንዱ እጇን በጨርቁ እየጠረገች ወደ ጃንጥላዬ መጣች። «እማ፣ ተነሽ። ሁለቱም ሞተር ደህና ናቸው። አሁን የተበላሸሽው አንቺ ነሽ።»

የቱን እንግዛ አላልኳትም። «ምረጪ» አልኳት።

የሐጂን መረጠች። ከናፍጣው በውነቱ ምንም አላወቅንም፤ የተካ አልቋል፣ የሐጂ ተርፏል፣ ግን አንደኛው ሲረግጥ ሌላኛዋ ስታጠፋ ነው የዋሉት። ስንዱ የመረጠችበትን ስጠይቃት «ሲያረጅ መኪና ባለቤቱን ይመስላል» ብቻ አለችኝ። ሐጂ የሸጧት ጉልበታቸው ፍሪሲዮን መርገጥ ስላቃተው ነው። ርክክቡ ላይ መኪናዋን መታ መታ አድርገው መረቁ፤ ከመቀመጫው ኋላ የቆየች የውሃ ጀሪካን አሳዩን። «ይህች ለሷ ናት። ከሰው በፊት እሷን አጠጡ» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን አዙረው መነጽራቸውን ሲጠርጉ ቆዩ። ሰው ለሞተርም ሆዱ ይባባል።

እኔም ስም ወጣልኝ። ቆጮ በረንዳ ውስጥ ዛሬ «የስንዱ እናት» የሚለኝ የለም። «እትዬ ስሪ ኤል» ነኝ። ዘይት ልገዛ ስሄድ ባለሱቁ «ለኩሽና ነው ለእንድብር?» ይለኛል። ከድር በበኩሉ ዋን ኤል ተገኘች ብሎ አሁንም አልፎ አልፎ ይደውልልኛል፤ እየቀለደ ይሁን ከልቡ አላውቅም። ከደላላ ጋር ይህ አይታወቅም።

ከዚያ ወዲህ ስንዱ እየሄደች ትመጣለች። ቆጯችን ፀሐይ ሳያስቆጣው ይገባል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ሱቄ በር ላይ ተቀምጬ የሞተር ድምፅ ስለይ እውላለሁ። አሁን ከጥግ ሲዞር ናፍጣውን ከቤንዚኑ እለያለሁ፤ አየር የያዘውን ካልያዘው እለያለሁ። የኛዋን ደግሞ ከሁሉ እለያለሁ፤ ከመቆሟ በፊት ጉሮሮዋን ትጠርጋለች።

ዛሬ ጎህ ሲቀድ ነው የወጣችው። ቱሉ ቦሎ ላይ ደውላለች፤ ቁርስ በልታለች። ወሊሶ ስደርስ እደውላለሁ ብላኝ ነበር። ስልኳን ስሞክር ያቺ ሴትዮ ናት የምታነሳው፤ የደወሉላቸው ደንበኛ አይገኙም የምትለዋ። ኔትወርክ ነው ይላል ደምሴ። ኔትወርክ ይሆናል። አሁን ፀሐይዋ ወደ ማዶ ዞራለች፤ እኔ ጃንጥላዬን ይዤ በሩ ላይ ነኝ።

በወልቂጤ መንገድ የምትመላለሱ ሰዎች፣ መኪናዋ ነጭ ናት፤ የግራ መስታወቷ ተሰንጥቋል፤ ቆጮው ላይ ሰማያዊ ሸራ አለ። የምትነዳዋ ቢጫ ሻሽ ያሰረች ልጅ ናት። ናፍጣ ስንት በላች አልላችሁም። ሞተሩ ቆሞም ከሆነ ቆሞ ነው፤ ማስነሳቱን ታውቅበታለች። ልጅቷን አይታችኋት ከሆነ ብቻ፣ እንዴት ናት? ንገሩኝ።